«አልሰከርኩም፤ ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነው»

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ ጎዳና ሦስት ዓይነት ሰው ያገናኛል። አንዱ ነጠላውን አጣፍቶ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሰው ነው። ሌላው ከጭፈራ ቤት ወጥቶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ነው። ሦስተኛዋ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ደርባ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና የአስፋልቱን ጠርዝ የምትጠርገው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሥራዬ ለበርካታ ዓመታት በማለዳ ያስወጣኝ ስለነበር ይህን ሰዓት በደንብ አውቀዋለሁ።

አንድ እሑድ ቦሌ አካባቢ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከመሥመሯ ወጥታ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወጣች፤ የመብራት ምሰሶውን ታክካ ቆመች። ጠራጊዋ ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ነበር የምትርቀው። መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ኋላ ዘለለች። የመኪናዋ ስፖኪዮ ተገንጥሎ መስተዋቱ እግሯ ሥር ተበተነ። ሾፌሩ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ በሥርዓት የለበሰ፣ አንደበቱ የማይተሳሰር ሰው ነበር። ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ ሴትዮዋ ቀረበና «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልሰከርኩም እኮ፤ ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነው» አላት። እርሷ አማተበች እንጂ አልመለሰችለትም። መጥረጊያዋን አነሣችና የመስተዋቱን ስብርባሪ መሰብሰብ ጀመረች።

ያ ሰው የዋሸ አይመስለኝም። ሰከረ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ የሚንገዳገደው፣ የሚሳደበው፣ ሰው ደግፎ ቤቱ የሚያስገባው ነው። እርሱ እንደዚያ አልሆነም። ስለዚህ በራሱ ሚዛን እውነቱን ተናገረ። ስለ ጠጥቶ ማሽከርከር ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር ይህ ነው።

ሕጉም ሆነ የትራፊክ ፖሊስ በየበዓሉ ዋዜማ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው መልእክት «ጠጥታችሁ አታሽከርክሩ» ይላል። «ሰክራችሁ» አይልም። የሚሰማው ሰው ግን በልቡ የሚተረጉመው «ሰክራችሁ አታሽከርክሩ» ብሎ ነው። በመጠጣትና በመስከር መካከል ደግሞ አማርኛችን አንድ ደግ ቃል አስቀምጧል፤ ሞቅታ። ሞቅታ ከእሳት ዳር፣ ከጨዋታ፣ ከዘመድ ጋር የሚመጣ ቃል ነው። ማንም ሰው ሞቅ ስላለው አይታማም። እንዲያውም ሞቅ ያለው ሰው ተጫዋች ነው፤ የተኳረፈውን ያስታርቃል፤ የማይዘፍነው ይዘፍናል። ማኅበረሰባችን የሚነቅፈው ጥንብዝ ያለውን ነው። መንገድ ላይ የሚገድለው ግን በብዛት ጥንብዝ ያለው አይደለም። እርሱን ቢያንስ ሰው ቁልፉን ይቀማዋል፤ አንዳንዴም ራሱ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ሞቅ ያለውን ግን የሚያስቆመው የለም። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ሁሉንም ስሞ፣ በሰላም ይወጣል።

አልኮል ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሥራ ደረጃ በደረጃ ነው። ምላስ ከመተሳሰሩና እግር ከመንገዳገዱ በፊት የሚነካው ፍርድን፣ ትኩረትንና ራስን መግዛትን ነው። ርቀትን የመገመት ችሎታ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የመከታተል ችሎታ፣ ከጨለማ ድንገት ብቅ ያለን ሰው የመለየት ችሎታ ይቀንሳል። በዚያው ልክ ድፍረት ይጨምራል። ሰውየው «እንዲያውም ዛሬ በጣም አሪፍ አድርጌ ነው የምነዳው» የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ራሱን የሚመዝንበት የአእምሮ ክፍል ከሁሉ ቀድሞ ደንዝዟል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 16.7 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ መኪናው ስምንት ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ ይበላል። ይህ ከአንድ ዜብራ ስፋት ይበልጣል። ዜብራው ላይ ሰው ካለ ስምንቱ ሜትር ሁሉን ነገር ይወስናል።

በቁጥር ለሚያምን ሰው ስሌቱ ይህን ይመስላል። አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። 65 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አንዷን ቢራ ሲጠጣ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል በ0.03 ግራም ገደማ ከፍ ይላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ቢራ የጠጣ እንደሆነ 0.08 ግራም ይደርሳል ወይም ያልፋል። 0.08 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለኢትዮጵያ የመዘገበው ወሰን ነው። ድርጅቱ ራሱ ለአገሮች የሚመክረው 0.05 ነው፤ ለወጣትና ለአዲስ ሾፌሮች ደግሞ 0.02። ምክንያቱም የአደጋው ዕድል ከ0.05 ጀምሮ በግልጽ መጨመር ይጀምራል፤ 0.08 ላይ ካልጠጣ ሾፌር ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ ያልፋል። አራት ቢራ የጠጣ ሰው በእኛ አገር ሚዛን ሰከረ ይባላል? አይባልም። ሞቅ አለው ነው የሚባለው።

ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የማግስቱ ጠዋት ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 0.015 ገደማ። ቡና አያፋጥነውም፤ ቀዝቃዛ ሻወርም ጥሬ ሥጋም አያፋጥኑትም። ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ይሆናል እንጂ ደሙ አይጠራም። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስምንት ቢራ የጠጣ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲነሣ ደሙ ውስጥ 0.16 ገደማ አለ። ቤቱ ገብቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቢተኛም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 0.07 አካባቢ ይቀረዋል። ይህ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለውጦ፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ወደ ትምህርት ቤት የሚነዳው አባት ነው። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እርሱ ራሱም ትናንት መጠጣቱን እንጂ ዛሬ ጠጥቶ እያሽከረከረ መሆኑን አያውቁም። የሌሊት ቁጥጥር ይህን ሰው አያገኘውም።

ቢራው እንኳ በጠርሙስ ስለሚቆጠር ይሻላል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ልክ የላቸውም። የአንዷ ጠማቂ ጠላ ከጎረቤቷ ጠላ እጥፍ ሊከብድ ይችላል፤ ጌሾው፣ አብሹ፣ የቆየበት ጊዜ ይወስነዋል። አንድ ብርሌ ጠጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቢራ የበለጠ አልኮል ይዟል። አንዲት መለኪያ አረቄ ደግሞ ከአንድ ሙሉ ቢራ ጋር ልትተካከል ትችላለች፤ ትንሽ ስለሆነች ብቻ ማንም እንደዚያ አይቆጥራትም። በፋሲካ ሌሊት ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ሃምሳ አምስቱን ቀን መጠጥ ሳይቀምስ የከረመ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆዱ የዋለ ሰው፣ ከቅዳሴ መልስ ሲፈታ የለመደው መጠን እንደ ድሮው አይሆንለትም። ሆዱ ባዶ ስለሆነ አልኮሉ በፍጥነት ደሙ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጠዋት ዘመድ ጥየቃ በየቤቱ ይኬዳል፤ በየቤቱም ይቀዳል።

ስለ ጭነት መኪና ሾፌሮች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጓዝ ሾፌር እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይቅማል፤ መንገድ ዳር ባለች ከተማ ሲደርስ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጨብሲ ይሉታል። ይህ ልማድ በተለይ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ጫቱ ሾፌሩ የመጠጡን መፍዘዝ እንዳይሰማው ያደርጋል፤ ንቁ የሆነ ይመስለዋል፤ አልኮሉ ግን ሥራውን አላቆመም። የጫቱ ኃይል ሲያልቅ ድካሙም፣ እንቅልፉም፣ መጠጡም በአንድ ጊዜ ይወርዱበታል፤ ያን ጊዜ ከጀርባው ሰላሳና አርባ ቶን ጭነት አለ። ይህን ሰው ለመውቀስ ይቀላል። ሰዓቱን ጠብቆ ካልደረሰ የሚቀጣው፣ ማረፊያ የማያዘጋጅለት የመኪናው ባለቤትም ግን በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

እኛ ቤት እንግዳ ራሱ ቀድቶ አይጠጣም፤ ይቀዳለታል። ብርጭቆው ጎደል ሲል ሳይጠየቅ ይሞላለታል። ይህ ልማድ የሚያምር ነው፤ አንድ መዘዝ ግን አለው። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ሰውየው ስንት እንደጠጣ ሊቆጥር አይችልም። «አንድ ጠላ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው አንድ ብርጭቆ ይዞ አራት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አልዋሸም። በቃኝ ሲል ደግሞ የሚጠብቀው ሙግት ነው። «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!»፣ «ምነው፣ ቤቴን ናቅኸው?» በሞቴ የሚባል ነገር ከባድ ነው። አንዲት ባልቴት በሞቷ ስትለምን እምቢ የሚል ልጅ የት አለ? እጁን ብርጭቆው አፍ ላይ ያደርጋል፤ እጁን ያነሡታል። «እየነዳሁ ነው» ሲል ሁሉም ይስቃል፤ «አንተ እኮ ጎበዝ ሾፌር ነህ» ይሉታል። ሲነሣም የመሰናበቻ አለ።

በመጨረሻ መኪናው ውስጥ አብረውት የሚገቡትም አሉ። ሚስቱ መንጃ ፈቃድ አላት፤ አልጠጣችምም። ነገር ግን በሰው ፊት «ቁልፉን ስጠኝ» ብትለው ባሏን ያዋረደች ይመስላታል፤ እርሱም ይመስለዋል። ልጇን ታቅፋ በጎኑ ትቀመጣለች። መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል» እያለች ትሄዳለች። እንደዚህ ያለ ጉዞ ያልተጓዘ የከተማ ቤተሰብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። አደጋ ሲደርስ ፖሊስ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ ስም ነው። መጠጡን የቀዱት እጆች ግን ብዙ ነበሩ።

ሕጉ ለስላሳ ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ራሱን በአልኮል ወይም በዕፅ ወደ ኃላፊነት የጎደለው ሁኔታ አስገብቶ ከነበረ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮም አለው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ለገደለ የተቀመጠውም ቅጣት ይኸው ነው። ያልጠጣ ሾፌር በተመሳሳይ ስሕተት አንድ ሰው ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እሥራት ነው የሚጠብቀው። ሕጉ እንግዲህ በመጠጥና በተራ ስሕተት መካከል ያለውን ልዩነት አሳምሮ ያውቃል። «ሰክሬ ነበርና አእምሮዬን አላውቅም» ማለትም መከላከያ አይሆንም፤ አንቀጽ 50 ያንን በር ዘግቶታል።

ችግሩ ከሕጉ በፊት ነው። ያን ከባድ አንቀጽ ለመጥቀስ ዐቃቤ ሕግ ሾፌሩ መጠጣቱን ማስረዳት አለበት። ማስረጃው ደግሞ በየሰዓቱ ይተናል። ሰው ገጭቶ የሚያመልጥ ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ከጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ስለጠጣ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሸሽቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ አስከትሎ እጁን ቢሰጥ በትንፋሹም ሆነ በደሙ ውስጥ ምንም አይገኝም። ክሱ ወደ ቀላሉ ንዑስ አንቀጽ ይወርዳል። ከዚያ ሽምግልና ይመጣል። የሟች ቤተሰብ ድሃ ነው፤ የቀብር ወጪ አለበት፤ ልጆች ቀርተዋል። ሽማግሌዎች «የሞተ አይመለስም፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ፤ ትንሽ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቅ ይወርዳል። ጉዳትን መካስና መጸጸት በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት የሚያቀልሉ ምክንያቶች ስለሆኑ ሾፌሩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያግዙታል። እርቅን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ባይኖር ደም በደም ይቀጥል ነበር። ነገር ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል አራት ቢራውን ከታሪኩ ውስጥ ያወጣዋል።

ከመዝገቡም ይወጣል። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መንስኤ ብሎ የሚያሰፍራቸውን ነገሮች ያነበበ ሰው በተደጋጋሚ የሚያገኘው ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠትን፣ ከተፈቀደ ፍጥነት በላይ ማሽከርከርን፣ ርቀትን አለመጠበቅን ነው። ጠጥቶ ማሽከርከር ከታች ነው። ይህን አይቶ «እኛ አገር መጠጥ ያን ያህል ችግር አይደለም» የሚል አለ። ለእግረኛ ቅድሚያ ያልሰጠው ለምን ነበር? ያን ያህል የፈጠነውስ? መዝገቡ የመጨረሻውን ድርጊት ይጽፋል፤ ከድርጊቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ የነበረውን አይጽፍም። ሾፌሩ ወዲያው ካልተመረመረ የሚጻፍ ነገር የለምና ፖሊሱ አይወቀስም። ግን የማይለካ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል፤ በጀትም ሰውም አይመደብለትም።

መዝገባችን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አንድ ቁጥር ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ላይ ኢትዮጵያ ለ2016 ያሳወቀችው የሟቾች ቁጥር 4,352 ነበር። የድርጅቱ የራሱ ግምት 27,326 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ከሃያ ሺህ በላይ ሰዎች ገጠር መንገድ ዳር የሞቱ፣ ቤታቸው ተወስደው ከሳምንት በኋላ ያረፉ፣ ማንም በመኪና አደጋ ሞቱ ብሎ ያልጻፈላቸው ናቸው። የተሽከርካሪ ቁጥሯ ለሕዝቧ እዚህ ግባ በማይባል አገር ይህ መሆኑ ያስደነግጣል። ሟቾቹ ደግሞ በብዛት መኪና የሌላቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የጠጣው ሰው ቀበቶውን አስሮ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚመታው ያልጠጣው፣ በእግሩ የሚሄደው ነው።

ከሞት የተረፈው ደግሞ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ጭኑ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ ሆስፒታል አልጋ እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ብዙውም ብረት ይገባልሃል ሲባል ፈርቶ ወይም ገንዘብ አጥቶ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ አጥንቱ ጠምሞ ይገጥማል። ሚስቱ ጉልት ትወጣለች። ትልቋ ልጅ ትምህርት አቋርጣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ገጠር ከሆነ በሬ ይሸጣል፤ በሬ ከተሸጠ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። የሦስተኛ ወገን መድን የግዴታ የተደረገው ለዚህ ነበር፤ ጥሩ ሥራም ነው። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ላይ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር። ከዚያ ወዲህ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

የሚያበረታታ ነገር የለም አልልም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት አሥር የዓለም ከተሞች አንዷ ሆና ነበር፤ የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያ በጎዳናዎቿ ላይ የተለመደው በእነዚያ ዓመታት ነው። አንድ ሌሊት የተሳፈርኩበት ታክሲ ቆሞ ሾፌሩ ሲመረመር አይቻለሁ። ፖሊሱ አዲስ የፕላስቲክ መንፊያ ከላስቲኩ ቀዶ አወጣ፤ መሣሪያው ላይ ሰካው፤ «እስክልህ ድረስ ሳታቋርጥ ንፋ» አለው። ሾፌሩ ነፋ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ዜሮ ታየ። «መልካም መንገድ» ተባልን። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አላለፈም። ከእኛ ፊት የነበረው መኪና ግን ዳር ይዞ ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የሚያውቀውን ሰው እየፈለገ መሆኑ ያስታውቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አንሥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በስልክ የሚጠሩት እነ ራይድና ፈረስ ሌሊትም መገኘታቸው «ምን ላድርግ፣ ታክሲ የለም» የሚለውን ምክንያት ቢያንስ ከከተማዋ አስወግዶታል። ከከተማዋ ወጥቶ በአምስቱም የአገር አቋራጭ መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ዘመዴ ትዝ ይለኛል። ቨርጂኒያ ይኖራል። ለገና ሲመጣ ጓደኞቹ ያከራዩለትን መኪና ይነዳል፤ ይጠጣል፤ ይነዳል። «እዚያስ እንዲህ ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እዚያ? አብደሃል?» አለኝ። እዚያ አንዲት ቢራ ሲቀምስ እንኳ መኪናውን አቁሞ በታክሲ ነው የሚገባው። የቨርጂኒያ ወሰን 0.08 ነው፤ ከእኛው ጋር አንድ። ሰውየውም አንድ ሰው ነው። የተለየው፣ እዚያ ከተያዘ የሚደውልለት ሰው አለመኖሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢፈረድበት እንኳ መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይነሣል፤ በገደብ እንዲነዳ ቢፈቀድለት መኪናው ላይ ትንፋሽ ሳይነፋበት ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ ይገጠምበታል። ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ እንጀራው ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ «ሕዝባችን አይለወጥም» የሚለውን አልቀበልም፤ አውሮፕላን ውስጥ አሥራ ምናምን ሰዓት ተቀምጦ ሲወርድ ተለውጦ ይወርዳልና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእኛ ትምህርት አለው ብዬ የማስበው ጃፓን ነው። ጃፓኖችም እንደ እኛ መጠጥ ለራሳቸው አይቀዱም፤ አንዱ ለሌላው ይቀዳል፤ አለቃ ሲቀዳ እምቢ ማለት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ፉኩኦካ በምትባል ከተማ አንድ የጠጣ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ከፊቱ የነበረውን የቤተሰብ መኪና ገጭቶ ከድልድይ ወደ ባሕር ጣለው። ሦስት ወንድማማችና እህትማማች ሕፃናት ሞቱ። በተከታዩ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ቅጣቱም ከሾፌሩ አልፎ እንደሚነዳ እያወቁ መጠጥ ላቀረቡለት፣ መኪናውን ላዋሱት፣ መጠጣቱን እያወቁ አብረውት ለተሳፈሩት ጭምር ተደነገገ። ከዚያ በፊትም ቁጥጥሩ ጠብቆ ነበር። በ2000 ከ1,000 በላይ የነበረው በመጠጥ የተነሣ ሰው የሚሞትበት አደጋ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ200 በታች ወረደ። ጃፓኖች መጠጣት አላቆሙም። ሕጉ ያወቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ባህል ውስጥ ብርጭቆው የአንድ ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ። በእኛም ባህል አይደለም።

ሕግ አውጪዎቻችን «በሞቴ» ያለችውን ባልቴት እሥር ቤት ይክተቱ አልልም። መጠጥ ቤቱ፣ ሆቴሉና የጭነት መኪናው ባለቤት ግን ሊጠየቁ ይገባል። ከዚያም በፊት አንድ ቀላል ነገር አለ። ሰው የሞተበት ወይም የቆሰለበት አደጋ ሁሉ ሾፌሩ፣ የጠጣ ቢመስልም ባይመስልም፣ በትንፋሽ ይመርመር፤ ሆስፒታል ከገባ ደሙ ይወሰድ፤ ውጤቱም በአደጋ መዝገቡ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው። ለምርመራ እምቢ ያለና ገጭቶ ያመለጠ ሰው እንደጠጣ የሚቆጠርበት ድንጋጌ ይኑር። ይህ ሲሆን መሸሽ አያዋጣም። ወሰኑም ወደ 0.05 ይውረድ፤ ሕዝብና ጭነት ለሚያጓጉዝ ሾፌር ከዚያም በታች። የማለዳ ምርመራም ይጀመር፤ ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በር ላይ።

አምና የአክስቴ ልጅ መልስ ነበር። አክስቴ ከሰርጉ በፊት ሾፌር ወንድሟን በእንዲህ ዓይነት አደጋ ያጣች ሴት ናት፤ እርሱ አልጠጣም ነበር፤ የመጣበት ነው የጠጣው። በሩ ላይ በርጩማ አስቀመጠች፤ በርጩማው ላይ ሰፌድ። «ልጆቼ፣ መኪና ይዛችሁ የመጣችሁ ቁልፋችሁን እዚህ፤ ከጠላዬ የማይቀምስ ብቻ ይዞ ይግባ» አለች። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ጎረምሳ «እትዬ፣ እኔ እኮ ሁለት ብቻ ነው የምጠጣው» ብሎ ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዘችው፤ «እንግዲያው በሞቴ» አለችው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቁልፉን አውጥቶ አኖረ። ሌሊት ታክሲ እየተጠራ በየሦስቱና በየአራቱ ተሳፈሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁልፉን ሊወስድ የመጣው ሁሉ የተረፈውን ዶሮ ወጥ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ሰፌዱ ላይ የቀረ ቁልፍ አልነበረም።